የዘጠኝ ቁጥሯ ስለት

እናት በልጇ ስም ብትሳል ከፋዩ ማን ነው? ኒሚያ ኦቬላር ከቤት ከወጡ ጀምሮ ይህን ጥያቄ እያመነዠከች ትሄዳለች። ፀሐይ ወጥታ የአስፋልቱ ጠርዝ መሞቅ ሲጀምርም መልስ አላገኘችለትም።

እናቷ እትዬ ሴፌሪና የሰሌን ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የበረዶ ውሃ የሞላውን ፔርሙስ በትከሻቸው አንግተው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ከከተማቸው ከኢታውጓ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ወደ ካኩፔ ኮረብታ የሚወስደው መንገድ ግማሹ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተለቋል። የእመቤታችን በዓል ዋዜማ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ያለበሷቸውን ሕፃናት ያቀፉ እናቶች፣ ጋሪ የሚነዱ ገበሬዎች፣ ሙዚቃ የከፈቱ ጎረምሶች፣ ሁሉም ወደ ኮረብታው ነው፤ ሁሉም የየራሱን ስለት ይዟል። በሰው ስለት የምትሄደው ኒሚያ ብቻ ናት። ቢያንስ እሷን እንደዚያ ነው የሚሰማት።

“አትጎተቺ” አሉ እትዬ ሴፌሪና ዞር ሳይሉ።

“አልተጎተትኩም። ሐኪሙ ቀስ ብለሽ ርገጪ ብሎኛል።”

“ሐኪሙ ካኩፔን በእግሩ ሄዶት ያውቃል?”

“እማዬ፣ ሰውየው ብራዚላዊ ነው።”

“እሱ ነዋ።”

ከኒሚያ ጎን የምትሄደው ዴሊያ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ዴሊያ አብሮ አደጓ ናት። ልጆች ሳሉ በሰፈሩ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ አንዷ ትመታለች፣ አንዷ ትይዛለች። የምትመታዋ ብሔራዊ ቡድን ገባች፤ የምትይዘዋ ሱፐርማርኬት፣ ሥጋ ክፍል። እሑድ እሑድ ግን ዴሊያ አሁንም ለሰፈሩ ቡድን በር ላይ ትቆማለች፤ ዛሬም ፈቃድ ወስዳ የመጣችው “ይቺን ልጅ ብቻዋን ከእናቷ ጋር አልተዋትም” ብላ ነው።

የኒሚያ ጉልበት የተበጠሰው ብራዚል ነው፤ ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ሄዳ፣ ለዓመታት ዘጠኝ ቁጥር ለብሳ ባገለገለችው ክለብ ሜዳ ላይ። ማንም አልነካትም። ኳሷን በደረቷ አብርዳ ወደ ግቡ ስትዞር ታኬታዋ ሣሩ ውስጥ ቀረ፤ ሰውነቷ ዞረ፣ እግሯ አልዞረም። ድምፁን ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሰምተውታል።

እትዬ ሴፌሪና ወሬው ሲደርሳቸው የጀመሩትን የጠረጴዛ ዳንቴል ሳይጨርሱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከዚያ በፊት ከሀገር ወጥተው አያውቁም። ኒሚያ ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ እናቷ ያንኑ የመንገድ ልብሳቸውን እንደለበሱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው አየቻቸው። ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ እንዴት ነሽ እንኳ ሳይሉ፣ “ተስዬልሻለሁ” አሏት። “ስትድኚ ካኩፔ በእግርሽ ትሄጃለሽ።”

ባለፈው ዓመት ኒሚያ ጉልበቱ ገና ነው ብላ አለፈችው። ዘንድሮ ግን የሚያስመልጥ ነገር አልነበራትም። ክለቡ ውሏን ሳያድስ ቀርቶ ሻንጣዋን ይዛ ኢታውጓ ገብታለች። እትዬ ሴፌሪናም “ድንግልን ሁለት ዓመት አላስጠብቅም” ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

የስለቱ ነገር ኒሚያን የሚያበሳጫት በመንገዱ ርዝመት አልነበረም። ለወራት የማይሄድ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ ስትነዳ፣ አሸዋ ላይ በአንድ እግሯ ስትዘል፣ የስታዲየሙን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ሻወር ቤት ውስጥ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ ብቻዋን ነበረች። ብራዚል ሳለች ከልምምድ በኋላ ማታ ማታ ተምራ በስፖርት ሳይንስ ተመርቃለች፤ የተሰፋላትን ጅማት ስሙን ታውቀዋለች፣ ለመጠንከር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ታውቃለች። ሰፈር ስትገባ ግን የሚያገኛት ሁሉ “ድንግል አዳነችሽ” ይላታል። ላቡ የሷ፣ ምስጋናው የሌላ። ይህን ለእናቷ ልትነግራቸው ብዙ ጊዜ ከጀላት፤ ሆኖም እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አላወቀችም።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። መልእክቱ በቺሊ ደቡብ ካለ ክለብ፣ ከቡድን መሪዋ ነበር።

“ኒሚያ፣ እንደምን አደርሽ። ነገ ወዲያ የሕክምና ምርመራ ይዘንልሻል። ጉልበትሽ ዛሬ እንዴት ነው? መልስሽን እንዳየሁ ትኬቱን እልካለሁ። ሌላ አጥቂም እያነጋገርን ስለሆነ እስከ ማታ አሳውቂኝ።”

ዴሊያ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ‘ደህና ነው’ ብለሽ ላኪላት። ሁለት ቃል ነው።”

“እስቲ መጀመሪያ ኮረብታውን ልይ።”

“አንቺ ደግሞ። ‘ደህና ነው’ የሚባለው ከኮረብታው በፊት ነው እንጂ። ከኮረብታው በኋላማ ውሸት ይሆናል።”

“ቺሊዎቹ ናቸው አይደል?” አሉ እትዬ ሴፌሪና። ጀርባቸው ይሰማል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። “ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ ትመልሺላቸዋለሽ። እኔ አስቤልሽ ጨዋታ የሌለበትን ወር መርጬ ነው የተሳልኩት።”

“እማዬ፣ ጨዋታ በሌለበት ወር ነው ተጫዋች የሚፈረመው።”

“እሱን ማን ነገረኝ?”

ኒሚያ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው። ሌላ ጥሪ የለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የተሰፋ ጉልበት ያላትን የሃያ ዘጠኝ ዓመት አጥቂ የሚጠራ ክለብ በየሳምንቱ አይመጣም። ይህ ካለፈ የሚቀራት የወንዶቹ ልምምድ ሲያልቅ መብራት በሚጠፋበት ሜዳ ላይ መጫወት፣ ማሊያን ቤት ወስዶ ማጠብ፣ ቀን ደግሞ የሆነ ሱቅ ውስጥ መቆም ነው። በዚያ ነበር የጀመረችው። መመለሱ አያሳፍራትም፤ የሚያስፈራት ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያይ ጫማ መስቀሉ ነው።

ከኢፓካራይ ከተማ መውጫ ላይ ነጭ ሽርጥ ያደረገች ሴት የቺፓ ቅርጫቷን ከራሷ አውርዳ ለመንገደኛው ትሸጣለች። ከአይብ የተጋገረው ዳቦ ገና ትኩስ ነው፤ ሽታው አንድ ሙሉ ቤተሰብ መንገድ ላይ አቁሟል። ሴትዮዋ ኒሚያን ትክ ብላ አየቻት።

“አንቺን አውቅሻለሁ።”

“ላይሆን ይችላል።”

“አይ፣ አውቅሻለሁ። ብራዚሎቹ ላይ ፔናሊቲ ወደ ሰማይ የላክሽው አንቺ አይደለሽም?”

ዴሊያ “በቃ፣ ተገኘሽ” አለች።

“እኔ ነኝ” አለች ኒሚያ።

“እስካሁን እኮ አልወረደም።”

“ሲወርድ ያዥልኝ።”

ሴትዮዋ ሳቀች። ሁለት ቺፓ በወረቀት ጠቀለለችና ሰጠቻት፤ ኒሚያ ኪሷ ስትገባ እጇን ያዘቻት። “ተይው። ያን ቀን ባሌ ቴሌቪዥኑን ሊሰብረው ነበር። ባል የሴት ኳስ አይቶ ሲናደድ ማየት ቀላል ነገር መሰለሽ? ድሮ ቻናሉን ነበር የሚቀይረው።” ከዚያ ዝቅ ብላ ጉልበቷን አየች። ከቁምጣዋ በታች ያለው ጠባሳ በላብ ያብረቀርቃል። “ይሄ ነው?”

“እሱ ነው።”

“አሁንስ ትጫወቻለሽ?”

እትዬ ሴፌሪና ከፊት ተመልሰው መጥተው “ትጫወታለች” አሉ፤ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ ያለ ምንም ኩራት። ከወረቀቱ አንዱን ቺፓ ቆርሰው ማኘክ ጀመሩ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጉልበቱ ይሰማት ጀመር። ሕመም አልነበረም። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ እንደሚሰማው ነው፤ የሚለው አይለይም፣ ግን አለ። በጎ ፈቃደኞች መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ፣ ያሻሉ። ዴሊያ እጇን ጎትታ አስገባቻት። አንዲት የሕክምና ተማሪ ሁለቱን ጉልበቶች በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

“ይሄኛው ይሞቃል” አለች። “ትንሽ ውሃም ይዟል። ያምሻል?”

“ምንም አይደለም።”

ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማችው። አጥቂ ኳስ በትክክል መምታት ሳትማር በፊት ለሐኪም “ምንም አይደለም” ማለትን ትማራለች፤ አመመኝ ያለች ቀን ዘጠኝ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይለብሰዋል። ጅማቱ ከመበጠሱ በፊት በነበሩት ሳምንታትም ጉልበቷ ይሞቅ ነበር። በየጠዋቱ ይጠይቋታል፤ በየጠዋቱ ምንም አይደለም ትላለች። ያኔ የሚጠይቃት ሰው አልጠፋም።

“የሚያቆም ነገር አይደለም” አለች ተማሪዋ። “ዳገቱን ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ቁልቁለቱን ግን በመኪና ውረጂ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት አታስቸግሪው። ሩጫ የለም።”

ነገ ወዲያ ቺሊ ላይ ማሽን ላይ ያስሮጧታል።

ኮረብታው ሥር ሲደርሱ እትዬ ሴፌሪና አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። የወደቀው ማንጎ ሣሩ ላይ ፈንድቶ ንብ ሰብስቧል። ጫማቸውን አውልቀው ያበጡ እግሮቻቸውን ዘረጉ፤ እንደ ሀገሩ ልማድ ከቀንድ የተሠራ ዋንጫ በደቀቀ የሻይ ቅጠል ሞልተው ከፔርሙሱ የበረዶ ውሃ ቀዱበትና በብረት መምጠጫ እየመጠጡ ዓይናቸውን ከደኑ።

ዴሊያ ኒሚያን ወደ ግንዱ ጀርባ ሳበቻት።

“ስሚ። ወንድሜ ቲቶ ሞተሩን ይዞ እዚህ ማዞሪያው ጋ ነው። በኮረብታው ጀርባ ባለው መንገድ ያወጣሻል። ፊትሽን ታጥበሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ትጠብቂናለሽ። ጉልበትሽን በበረዶ እናሽገዋለን፤ ነገ ማታ አውሮፕላን ላይ ነሽ።”

“እማዬስ?”

“እሳቸውን ለኔ ተዪልኝ። እዚህም እዚያም አስቆማቸዋለሁ። በረኛ ነኝ፤ ሰዓት መግደል ሥራዬ ነው።”

“ብቻዬን ቀድሜ ወጣሁ ብዬ ልዋሻቸው?”

“ምን ውሸት አለው? ትወጫለሽ፤ ቀድመሽም ትወጫለሽ።” ዴሊያ በረዶ ልትፈልግ ወደ መጠጥ ሻጮቹ ሄደች።

ኒሚያ ወደ ጥላው ተመልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። የመንገዱን ዳገት ቀና ብላ አየችው። ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይወጣል፤ አንዳንዱ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ ነው። ሞተሩን ልትመርጥ ተቃርባ ነበር። ከመነሳቷ በፊት ግን የሆነ ነገር ማወቅ ፈለገች፤ የምትሸሸውን ነገር መልኩን ማየት።

“እማዬ፣ ያን ቀን ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?”

“ምን እላለሁ? እንደ ሰው ነው የተሳልኩት።”

“አይደለም፤ ቃሉን ንገሪኝ። ምን አልሽ?”

እትዬ ሴፌሪና ዓይናቸውን ገልጠው ዋንጫውን አቀበሏት። “ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ያ ረጅሙ ሐኪም ወጣና በራሱ ቋንቋ ለፈለፈ። ግማሹ አልገባኝም። ‘ትራመዳለች’ የምትለዋን ብቻ ያዝኳት። ‘አይዞሽ፣ እንደ ልቧ ትራመዳለች’። እንግዲያውስ አልኩ፣ ድንግልዬ፣ ልጄ ሳታነክስ ቀጥ ብላ ትራመድልኝ፣ እኔም ደጅሽ ድረስ በእግሯ አመጣታለሁ።”

“ትራመድልኝ?”

“አዎ።”

“ኳሱስ?”

“የምን ኳስ?”

“ወደ ሜዳ እንድመለስ አይደል እንዴ የተሳልሽው?”

“ኧረ እኔ ኳስ አላነሳሁም።” እትዬ ሴፌሪና ተገርመው አዩዋት። “ምነው ልጄ፣ ከሐኪሙ አብልጬ ልለምን? ነውር አይደለም? ለዚያ ሁሉ ሕመምተኛ ምን ይቀራል?”

ኒሚያ ዋንጫውን ወደ አፏ አስጠግታ ያዘችው።

“ደግሞስ” አሉ እናቷ፣ ቅጠሉ በጥርሳቸው መካከል የገባ ይመስል እያላመጡ፣ “ኳሱ ያንቺ ሥራ ነው። እኔ ዳንቴሌን ስሠራ ድንግልን መርፌ ያዢልኝ ብዬ አውቃለሁ? ዓይኔን ጠብቂልኝ እላታለሁ እንጂ። ሌላው የኔ ነው። ተሳስቼ ብተረትረው እንኳ የኔ ነው።”

“ሰፈሩ ሁሉ ግን ድንግል ናት የመለሰቻት ይላል።”

“ሰፈሩ ምን ያውቃል? ሰፈሩ ብስክሌቱ ላይ ስትቀመጪ አይቶሻል? በዚያ በስልኩ መስኮት ስታሳዪኝ ያየሁሽ እኔ ነኝ።” ዋንጫውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። “ጠጪው እንጂ፤ እንደ ማይክሮፎን ያዝሽው እኮ።”

ኒሚያ መጠጠች። ቅዝቃዜው ግንባሯ ድረስ ወጣ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የተወሰደባት ይመስላት የነበረውን ነገር ማንም አልነካውም ነበር። ደረጃው፣ አሸዋው፣ እንባው፣ ሁሉም በሷ ስም ተቀምጧል፤ ለዚያ ደግሞ ማንም ማንንም አላመሰገነም። የቀረው ትንሹ ነገር ነው፤ መራመድ። እሱን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እየሠራችው ነው። ሳቋ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

“ምን ያስቅሻል?”

“ምንም። ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ? ከመጣሽ ጀምሮ እንደ ዳኛ ፊትሽን ቋጥረሽ ነው የምትሄጂው።”

ዴሊያ በላስቲክ በረዶ ይዛ መጣች። ለኒሚያ በዓይኗ ወደ ማዞሪያው ጠቆመቻት። “በይ እንግዲህ። ያ ነገር እየጠበቀ ነው።”

“ቲቶን ወደ ቤቱ ላኪው” አለች ኒሚያ፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። “ወይ እማዬን ያውጣ።”

“እኔን በሞተር?” አሉ እትዬ ሴፌሪና። “ምን አጠፋሁ?”

ኒሚያ በረዶውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከጠባሳው ዳርና ዳር ቆዳው ወጠር ብሏል፤ ለሚያውቅ ሰው ይታያል። ስልኳን አወጣች፤ በረዶውን ገለጥ አድርጋ ፎቶ አነሳችው። ዴሊያ ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባት ጣቶቿ መጻፍ ሲጀምሩ ነው።

“ኒሚያ፣ ተዪ። ሴትዮዋ የጠየቀችሽ እኮ ጉልበትሽን ነው እንጂ ንስሐ ግቢ አላለችሽም።”

“ጉልበቴን ነው የምልክላት።”

“ያቺን ሌላዋን ይወስዳሉ።”

“ሊወስዷት ይችላሉ።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት...”

“ዴሊያ፣ ‘ምንም አይደለም’ እያልኩ ነው ይሄን ያሰፋሁት። ከወሰዱኝም የሚወስዱት ይሄንኑ ጉልበት ነው፤ ካልወሰዱኝም ይሄንኑ ይዤ ነው የምሮጠው። እሱን እንኳ ልዋሸው አልፈልግም።”

ዴሊያ አጠገቧ ቁጭ ብላ የወደቀ ማንጎ አነሳችና በእጇ ታገላብጠው ጀመር። “ያው አጥቂ ነሽ” አለች በመጨረሻ። “ማቀበል እያለ ትመቻለሽ።”

ኒሚያ የጻፈችውን አንድ ጊዜ አነበበችው።

“እንደምን ዋሉ። ጉልበቴ ድኗል። ዛሬ ግን ከእናቴ ጋር ረጅም መንገድ ሄጄበት አብጧል፤ ፎቶውን ይመልከቱ። አሁን ደግሞ ዳገት ልወጣበት ነው። ነገ ወዲያ ብሮጥ ጥሩ አልሆንም። አንድ ሳምንት ቢጠብቁኝ ግን መጥቼ የምችለውን አሳያችኋለሁ። ኒሚያ ኦቬላር።”

ላከችው። መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ታየ። ስልኩን አጥፍታ ለዴሊያ ሰጠቻትና ተንበርክካ የእናቷን ጫማ ክር ማሰር ጀመረች፤ እትዬ ሴፌሪና እግራቸውን ዘርግተው “አታጥብቂው” እያሉ። ከዚያ ሦስቱም ተነስተው ሰልፉ ውስጥ ገቡ፣ ቀስ እያሉ፣ ኒሚያ እናቷን በክንዳቸው ይዛ።

መልሱ ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ ኒሚያ በአቅራቢያው ካለችው ከሉኬ ከተማ የሴቶች ቡድን ጋር ልምምድ ጀምራ፣ ጠል ባልደረቀበት ሣር ላይ የመጀመሪያዋን ኳስ መረብ ውስጥ ባሳረፈችበት ጠዋትም አልመጣም።